አምባ፦ ከወሎ ደጋ እስከ ሮም ጎዳና የተጓዘ አጭር ቃል

ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የምትሄዱ ከሆነ መስኮት ዳር ያለው ወንበር እንዳያመልጣችሁ። ደጋው ሜዳ መስሎ ይሄድ ይሄድና ድንገት ይቆረጣል። ከታች ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ ደግሞ ዙሪያው ቀጥ ያለ፣ አናቱ በቢላ የተስተካከለ የሚመስል ሌላ ከፍታ ይታያል። አጠገባችሁ የተቀመጡትን ሰው «ያ ምንድን ነው?» ብትሏቸው መልሳቸው አጭር ነው፤ «አምባ ነዋ!»

ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ግን ይህ ቃል ከወሎ ተራሮች ወርዶ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓንኛ፣ ላቲን፣ እንግሊዝኛና ጣልያንኛ ውስጥ ገብቷል። በአንዱ ቋንቋ ገነት ሆኖ ተሳለ፤ በሌላው ምሽግ ሆነ፤ በሌላው ደግሞ (ይህንን ወደ መጨረሻ አካባቢ እናየዋለን) ሰዎች ስለተዝረከረከ ክፍል ሲያወሩ የሚጠሩት ቃል ሆነ።

መጀመሪያ ግን ተራራውን። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአካባቢያችን መሬት ተሰነጠቀና የቀለጠ አለት እየፈሰሰ ሰፊ አገር አለበሰ። አንዱ ፍሳሽ ሲረጋ ሌላው በላዩ ይመጣል፤ ልክ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚደራረበው። በኋላም፣ ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እንደ ጉጉፍቱ ያሉ እሳተ ገሞራዎች በዚያ ንብብር ላይ ተጨመሩ። ከዚያ መሬቱ ከፍ አለ፤ ዓባይ፣ በሽሎና ወለቃ ደግሞ መቁረጥ ጀመሩ። ጠንካራው የባዛልት ንጣፍ ውሃን ይቋቋማል፤ ከስሩ ያለው ለስላሳ ንጣፍ ግን ይሸረሸራል። ስሩ ሲሸረሸር ጠርዙ ይናዳል፤ የገደሉ ግድግዳም ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ወንዞቹ ሳይደርሱበት የቀረው ቁራጭ ሜዳ ነው እንግዲህ አምባ የሚሆነው። አናቱ ላይ አፈር አለ፣ ሣር አለ፣ አንዳንዴም ምንጭ አለ። መውጫው አንድ ወይም ሁለት ነው። ይህ ነገር አይን ለሚያይ ሁሉ አንድ ሐሳብ ያመጣል፦ እዚህ ላይ የወጣን ሰው ማን ያወርደዋል?

አምባ ሁሉ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ከደቡብ ወሎ ከፍተኛ ተራሮች አንዱ የሆነው አምባ ፈሪት ስሙ አምባ ይሁን እንጂ ገበታ አይመስልም። በትግርኛ ቃሉ «እምባ» ይባላል፤ የኤርትራ ከፍተኛው ተራራ፣ 3,018 ሜትር ርዝመት ያለው፣ እምባ ሶይራ ነው። በወሎ ከአምባ ጎን ለጎን የኦሮምኛው «ቱሉ»ም አለ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ያለባትን ቱሉ አውሊያን አስቡ። አንዱ ስም ላይ አምባ፣ የከተማዋ ስም ላይ ቱሉ። በዚህ አገር ታሪክ ለማንበብ አንዳንዴ የመንገድ ምልክት ማንበብ ይበቃል።

ከተራራ ወደ ሰፈር

በአማርኛ አምባ ሦስት ነገር ይሆናል። አንደኛ ተራራው ራሱ፤ ሁለተኛ በተራራው ላይ ያለው ምሽግ፤ ሦስተኛ ሰው የሰፈረበት ማንኛውም መንደር። ለዚህ ነው በደርግ ዘመን በላንጋኖ በኩል በአላጌ የተቋቋመው የሕፃናት ማሳደጊያ «ሕፃናት አምባ» የተባለው፤ በደብረ ዘይት የነበረው የጦር ጉዳተኞች መኖሪያም «ጀግኖች አምባ» ነበር። ሁለቱም ቦታ ገደል የለም። ቃሉ ገደሉን ጥሎ ሰፈሩን ብቻ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። በጀርመንኛ ተራራ «በርግ» ነው፤ ምሽግ ደግሞ «ቡርግ»። አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱን «ከፍ ያለ» የሚል ትርጉም ካለው አንድ ጥንታዊ ሥር ያመጧቸዋል። ቡርግ መጀመሪያ በከፍታ ላይ ያለ ምሽግ ነበር። ሰው ከለላ ፈልጎ በዙሪያው ሰፈረ፤ ገበያ ቆመ፤ ቃሉም ቀስ በቀስ ከተማን መጥራት ጀመረ። ሀምቡርግ፣ ኤዲንብራ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ስማቸው ላይ ያለው ይኸው ቃል ነው። ፒተርስበርግ እኮ ረግረግ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ተራራ ፍለጋ ብትሄዱ ታዝናላችሁ!

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ፈረንሳዮች ቡርግን ወስደው «ቡር» አሉት፤ በከተማ የሚኖረውን ሰው ደግሞ «ቡርዧ»። ይህን ቃል የት ሰማችሁት? በ1960ዎቹ የኛ ተማሪዎች በየሰልፉና በየጽሑፉ የሚወረውሩት ስድብ ነበር። በቤት ውስጥ አንድ የዚያ ትውልድ ሰው ካለ ጠይቁት፤ «ንዑስ ቡርዧ» የሚለውንም ይጨምርላችኋል። ሥሩን ተከትለን ብንተረጉመው «የአምባ ሰው» እንደማለት ነው። እንዲህ ስንል ግን አምባና ቡርግ ዘመድ ናቸው ማለታችን አይደለም። በተለያየ አገር፣ በተለያየ ቋንቋ፣ ያው የሰው ልጅ ፍርሃት ያንኑ መንገድ አስኬዳቸው፦ ተራራ፣ ምሽግ፣ ሰፈር።

አማርኛ ግን አንድ ተጨማሪ መንገድ ሄዷል። «አምባገነን» የሚለውን ቃል ስትፈቱት «አምባ» እና «ገነን» ይወጣል፤ ገነነ ማለት ከበረ፣ አየለ ነው። ለእኔ እንደሚሰማኝ ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል፤ መውጫው አንድ በሆነ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ከታች ማንም የማይደርስበት ሰው። ላቲኑ «ዲክታተር» የሚያሳየን የሚያዝ፣ የሚናገር ሰው ነው። የእኛው ግን የሚያሳየን ቦታውን ነው።

የነገሥታት ልጆች የታሰሩበት አምባ

አሁን ቃሉ እንዴት ወደ ውጭ እንደወጣ እንይ። በአምባሰል የሚገኘውን ግሸንን ታውቁታላችሁ፤ መስከረም 21 ምእመናን የሚጎርፉበት፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ። በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ወንድሞችና የወንድም ልጆች በዙፋኑ እንዳይጣሉ እዚያ ላይ ይቀመጡ ነበር። መኖሪያ ነው ቢባልም እስር ቤት ነው። ይህ የሆነው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ አህመድ ጦር አምባውን እስኪይዝ ድረስ ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቆይቶ ነበር። በዚያ አካባቢ ሲያልፍ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ ተራራው ቢጠጋ ጠባቂዎቹ በድንጋይ ተቀበሉት። መጽሐፉ በ1540 እ.ኤ.አ. በሊዝበን ታተመና የታሰሩት መሳፍንት ታሪክ አውሮፓ ገባ።

ወሬ ሲሻገር ያድጋል። በ1610 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ በቫሌንሲያ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ተራራውን በአገሩ ስም «አማራ» ብሎ ጠራው፤ በዚያ ዘመን «አማራ» የሚባለው አውራጃ የዛሬውን ደቡብ ወሎ ይዞ ነበር። ከዚያም ቤተ መንግሥት ሠራበት፤ የአትክልት ቦታ ተከለበት፤ በዓለም አቻ የሌለው ቤተ መጻሕፍትም አኖረበት። ሁሉም በወረቀት ላይ! በዚሁ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን አንብቦ ተቆጣና መልስ መጻፍ ጀመረ። ዛሬ የታሪክ ምሁራን የሚያደንቁት የፓኤዝ የኢትዮጵያ ታሪክ እንግዲህ በከፊል አንድን የሐሰት መጽሐፍ ለማረም የተጻፈ ነው። ችግሩ የፓኤዝ ሥራ ለዘመናት ሳይታተም ቆየ፤ የኡሬታው ወሬ ግን ታትሞ ተሰራጨ። ሐሰተኛ ወሬ ከማስተባበያው እንደሚቀድም ለማወቅ ስልክና ኢንተርኔት አላስፈለገም።

የኡሬታ ተራራ ወደ እንግሊዝኛ መጻሕፍት ተሻገረ። በ1667 እ.ኤ.አ. ጆን ሚልተን «የጠፋችው ገነት» በተባለው ትልቅ ግጥሙ ውስጥ አማራ የሚባለውን ተራራ አንዳንዶች ገነት ነው ከሚሏቸው ቦታዎች መሐል አስገባው፤ እውነተኛዋ ገነት ግን እሱ አይደለም ሲል። ኮልሪጅ «ኩብላ ካን» በተባለው ግጥሙ ውስጥ የጠራው «አቦራ» የሚባል ተራራም በእጅ ጽሑፉ ላይ «አማራ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በ1759 እ.ኤ.አ. «ራስላስ» የተባለ ልብ ወለድ ጻፈ። ልዑሉ በአማራ አገር ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ተዘግቶበት ይኖራል፤ ግን የሚኖረው አምባ ላይ አይደለም፤ በተራሮች የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከፍታው ጎድጓዳ ሆነ! እስሩ ግን ሳይለወጥ ቀረ፤ ራስላስ ምንም ሳይጎድልበት መውጣት ብቻ ያምረዋል። ይህን መጽሐፍ በኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ግሸንም ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ከቆየች በኋላ ሸለቆ ሆና ወደ አገሯ ተመለሰች።

የመካነ ሥላሴው ሰው በጀርመን

እስካሁን ወሬውን የተሸከሙት እንግዶች ናቸው። ቃሉን ራሱን በሥርዓት ለአውሮፓ ያስረዳው ግን የዚሁ አገር ሰው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ይባላል። የተወለደው በቤተ አማራ በመካነ ሥላሴ ነው፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር። «መካነ» በግእዝ «የ… ቦታ» ማለት ነው፤ መካነ ሥላሴ የሥላሴ ቦታ፣ መካነ ሰላም የሰላም ቦታ።

አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊኮች ከኢትዮጵያ ሲባረሩ አብሮ ወጥቶ ሮም ደረሰ። በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኘው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ለብቻው ተምሮ ነበር፤ የመጀመሪያ ንግግራቸውም በግእዝ ነበር። አስቡት፤ አንዱ ከወሎ ደጋ፣ ሌላው ከኤርፉርት ከተማ፣ መግባቢያቸው የቅዳሴ ቋንቋ! በ1652 እ.ኤ.አ. አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ከተማ ሄዶ በመስፍኑ ግቢ ወራት አሳለፈ። ግቢው «ፍሪደንሽታይን» ይባላል፤ «የሰላም ድንጋይ» ማለት ነው። እዚያ ስለ አገሩ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቋንቋው የተናገረውን ሉዶልፍ ጻፈ። በ1681 እ.ኤ.አ. የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን ወጣ፤ በ1698 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ተከተሉ። አምባም ከኡሬታ ቤተ መንግሥቶች ወርዶ እንደገና ገደላማ ተራራ ሆነ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላየም፤ በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሞክር መርከቡ ሰጥሞ ሞቷል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ሳንረሳው እንየው። «አምባሳደር» የሚለው ቃል ውስጥ አምባ አለ? የለም። አምባሳደር ከጥንታዊ ጎሎች «አምባክቶስ» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ በጌታው ዙሪያ የሚላላክ አገልጋይ ማለት ነው፤ ዩሊየስ ቄሣር እንኳ ስለ ጎሎች ሲጽፍ ተጠቅሞበታል። «አምቢ» ማለት «ዙሪያ» ነው። ከዚሁ ቃል ጀርመኖች «አምት»ን፣ ማለትም መሥሪያ ቤትን፣ አገኙ። ላቲን «ዞሮ ሄደ» ለማለት የሚጠቀምበት ቃልም ይህን «አምቢ» እንደያዘ ይታመናል፤ ከእሱ ነው «አምቡላንስ» የመጣው። ስለዚህ አምባሳደርና አምቡላንስ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ አምባ ግን ከሁለቱም ጋር አይዛመድም። በነገራችን ላይ በሕንድ በማራቲ ቋንቋ አምባ ማለት ማንጎ ነው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አያሳይም፤ ቃል የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቃሉ በየት በኩል፣ በማን አፍ መጣ ብሎ ነው።

መቅደላ

ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ ያለው መቅደላ ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፋቸውን ከደብረ ታቦር በገደል አስጎትተው ያወጡት ወደዚህ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈውም እዚሁ ነው። እንግሊዞች ምሽጉን አቃጠሉ፤ የብራና መጻሕፍቱን በመቶዎች ወሰዱ። ከጦሩ ጋር ጋዜጠኞች መጥተው ነበርና «አምባ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ዘገባዎች ውስጥ እንደተለመደ ቃል መታየት ጀመረ። የጦሩ አዛዥ ሮበርት ናፒየር «የመቅደላ ባሮን» ተባለ። አንድ የወሎ ተራራ የእንግሊዝ ሎርድ የማዕረግ ስም ሆነ። በለንደን በሃምፕስቴድ በዚሁ ስም የሚጠራ መጠጥ ቤትም አለ።

ግርግር የሆነው ተራራ

የጣልያኖቹ ታሪክ ይለያል። ለእነሱ አምባ መጀመሪያ የሽንፈት ስም ነበር። በ1895 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር አምባ አላጌ ላይ በራስ መኮንን የተመራው ቀዳሚ ጦር የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ደመሰሰ፤ ከሦስት ወር በኋላ አድዋ መጣ። ስለዚህ ፋሽስቶች በ1928 ዓ.ም. ሲመለሱ እነዚህን ስሞች በቂም ያስታውሱ ነበር።

በየካቲት 1928 ዓ.ም. ከመቀሌ በስተደቡብ ባለው አምባ አራዳም ላይ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊታቸውን ይዘው መሽገው ነበር። የባዶሊዮ ጦር ተራራውን በመድፍና በአውሮፕላን ቦምብ ደበደበው፤ የሰናፍጭ ጋዝም ጥቅም ላይ ዋለ። ከዚያ ከበበው። ሺዎች አለቁ። በማፈግፈጉ ላይ የራስ ሙሉጌታ ልጅ ተገደለ፤ ራስ ሙሉጌታም በዚያው ሞቱ። ለሺህ ዓመት የአምባ ትርጉም «ማንም የማይደርስበት» ነበር። አውሮፕላን ከላይ ሲመጣ ያ ትርጉም አለቀለት።

አሁን አንድ ጣልያናዊ ጓደኛ ቢኖራችሁ «አምባራዳን ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ፈገግ ይላል። ግርግር፣ ዝብርቅርቅ፣ ብዙ ጣጣ ያለው ነገር ማለት ነው። እናት የልጇን ክፍል አይታ «ይህ ምን ዓይነት አምባራዳን ነው!» ልትል ትችላለች። የጣልያን መዝገበ ቃላት ቃሉን ከአምባ አራዳም ያመጡታል፤ የጣልያንኛ ቃላት በ«ም» ማለቅ ስለማያዘወትሩ መጨረሻው «ን» ሆኗል።

ትርጉሙ እንዴት መጣ በሚለው ላይ ግን የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ አባባል በጦርነቱ የአካባቢው ሰዎች አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ስለተሰለፉ ወታደሮቹ ትርምስን በዚያ ስም ጠሩ ይላል። እኔን ይህ አያሳምነኝም። ለጣልያን አዛዦች ውጊያው ትርምስ አልነበረም፤ ቀን በቀን የታቀደ ከበባ ነበር። ትርምሱ የነበረው ተራራው ላይ፣ ከቦምቡ ስር ነው። ይልቅ ቀላሉ ነገር ስሙ ለጣልያን ጆሮ ራሱ የሚያስቅ፣ የሚንጫጫ ድምፅ መሆኑ ይመስለኛል። ከየትም ይምጣ፣ ዛሬ ቃሉን የሚሉት አብዛኞቹ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ተራራ መሆኑንም አያውቁም።

የሚያውቁት አሉ። የጂኦሎጂ ተማሪዎች ከሆናችሁ «የአምባ አራዳም ፎርሜሽን» የሚለውን በመማሪያችሁ ታገኙታላችሁ፤ በቀርጤስ ዘመን የተጋገረ አሸዋማ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ስሙን ከዚሁ ተራራ የወሰደ። ለጂኦሎጂስቱ ይህ ስም የተዝረከረከ ነገር ሳይሆን በሥርዓት የተቀመጠ ንጣፍ ነው።

በሮም ደግሞ ከላተራኑ የቅዱስ ዮሐንስ ባሲሊካ አጠገብ በተራራው ስም የተሰየመ መንገድ አለ። በዚያው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ መጀመሪያ የታሰበው ስም «አምባ አራዳም» ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ዘረኝነትን የሚቃወሙ ወጣቶች ጥያቄ አነሱ፦ ለምን የእልቂት ቦታን እንደ ድል ስም እንሰቅላለን? ጆርጆ ማሪንኮላ ይባል አሉ። ማሪንኮላ በ1923 እ.ኤ.አ. ከሶማሊያዊት እናትና ከጣልያናዊ አባት የተወለደ፣ በጣልያን ከፋሽስቶችና ከናዚዎች ጋር የተዋጋ፣ በግንቦት 1945 እ.ኤ.አ. በኤስኤስ ወታደሮች የተገደለ አርበኛ ነው። የሮም ከተማ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሐሳቡን በድምፅ ደገፈ። በመጨረሻ ለጣቢያው የተሰጠው ስም ግን «ፖርታ ሜትሮንያ» ሆነ፤ በአቅራቢያው ካለ ከጥንታዊ የከተማ በር የተወሰደ ስም ነው። ከላይ ያለው መንገድ አሁንም «ቪያ ዴል አምባ አራዳም» ይባላል።